አፓቺ ዌብ ሰርቨርን በሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን ላይ መጫን

አፓቺ ዌብ ሰርቨርን በሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን ላይ መጫን ማለት በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ በሶፍትዌር በተፈጠረ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሊኑክስን አስነስቶ፣ ድረ ገጾችን የሚያቀርበውን የአፓቺ ፕሮግራም ማስገባትና ለሥራ ማዘጋጀት ነው። እውነተኛው ኮምፒዩተር አስተናጋጅ፣ በውስጡ የሚሠራው ደግሞ እንግዳ ይባላል። እንግዳው የራሱ ዲስክ፣ ሚሞሪና የኔትወርክ አድራሻ ያለው ስለሚመስል፣ ተማሪዎች የአስተናጋጁን ፋይሎች ሳያበላሹ የሰርቨር አስተዳደርን ይለማመዱበታል። መጫኑ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሆኖም የተጫነ ሰርቨር ሁሉ ከውጭ ይደረስበታል ማለት አይደለም።

ታሪክ

የቨርቹዋል ማሽን ሐሳብ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአይቢኤም ኩባንያ ለትልልቅ ኮምፒዩተሮች በሠራቸው ሲስተሞች ተጀመረ። ዓላማው ውድ የሆነውን አንድ ማሽን ለብዙ ተጠቃሚዎች ማካፈል ነበር። ሊኑስ ቶርቫልድስ የሊኑክስን ከርነል በ1991 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረገ። አፓቺ ደግሞ በ1995 እ.ኤ.አ. ኤንሲኤስኤ ኤችቲቲፒዲ ከተባለ ቀደምት ሰርቨር ተነሥቶ በበጎ ፈቃደኞች ተሠራ። ኢንቴል በ2005 እ.ኤ.አ. ለቨርቹዋል ማሽኖች የሚያግዝ ችሎታ በፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ማካተት ጀመረ። ዛሬ ተራ ላፕቶፕም ቨርቹዋልቦክስን በመሳሰሉ ነጻ ፕሮግራሞች እንግዳ ማሽን ማስነሣት ይችላል።

ማሽኑን ማዘጋጀት

የኡቡንቱ ሰርቨር እትም መስኮትና አይጥ የሌለው፣ በጽሑፍ ትዕዛዝ የሚሠራ በመሆኑ ብዙ ሚሞሪ አይፈልግም። ለልምምድ 2 ጊጋባይት ሚሞሪና 20 ጊጋባይት ዲስክ ይበቃል። በቨርቹዋልቦክስ እያደገ የሚሄድ ዲስክ ከተመረጠ፣ 20 ጊጋባይቱ በአንድ ጊዜ አይያዝም፤ የዲስኩ ፋይል የሚያድገው እንግዳው በተጠቀመው መጠን ነው። ሊኑክስ ከገባ በኋላ የማሽኑን ሁኔታ የሚመዘግብ ስናፕሾት ማንሣት ይመከራል። አንድ ነገር ቢበላሽ እንደገና ከመጫን ይልቅ ወደዚያ ሁኔታ መመለስ ይቻላል፤ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታም ሁሉንም ነገር ዳግመኛ ከማውረድ ያድናል።

ፓኬጁን መጫን

በሊኑክስ ፕሮግራም የሚጫነው አብዛኛውን ጊዜ በፓኬጅ አስተዳዳሪ ነው። የኡቡንቱ አስተዳዳሪ አፕት ይባላል። በመጀመሪያ በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ የፓኬጆቹ ዝርዝር ይታደሳል፤ ቀጥሎ አፓቺ2 የተባለው ፓኬጅ እንዲጫን ይታዘዛል። ዝርዝሩ ሳይታደስ ቢሞከር ፓኬጁ አልተገኘም የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል። አፕት ለአፓቺ የሚያስፈልጉትን ሌሎች ፓኬጆች አብሮ ያወርዳል፤ ከትክክለኛው ምንጭ መምጣታቸውንም በዲጂታል ፊርማ ያረጋግጣል።

በኡቡንቱ አፓቺ እንደተጫነ ወዲያው ሥራ ይጀምራል፤ ማሽኑ በተነሣ ቁጥርም አብሮ ይነሣል። በፌዶራና በሬድ ሃት ግን የፓኬጁ ስም ኤችቲቲፒዲ ሲሆን፣ አገልግሎቱን ተጠቃሚው ራሱ ማስጀመር ይኖርበታል። ስለዚህ ለአንዱ የተጻፈ መመሪያ ለሌላው እንዳለ አይሠራም።

ከአስተናጋጁ ጋር ማገናኘት

በቨርቹዋልቦክስ አዲስ ማሽን የሚጀምረው ናት በተባለው የኔትወርክ ዓይነት ነው። በናት እንግዳው ወደ ኢንተርኔት መውጣት ይችላል፤ ከውጭ ግን ማንም በቀጥታ ሊገባበት አይችልም። ስለዚህ አፓቺ በትክክል እየሠራ እንኳ የአስተናጋጁ ብራውዘር ገጹን ላያገኘው ይችላል።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፖርት ማስተላለፍ ነው፦ ወደ አስተናጋጁ ፖርት 8080 የሚመጣው ጥያቄ ወደ እንግዳው ፖርት 80 እንዲያልፍ ይደረጋል። ሁለተኛው ብሪጅ ሲሆን፣ እንግዳው ከራውተሩ የራሱን አድራሻ ተቀብሎ በዚያው ኔትወርክ ላሉት ሁሉ ይታያል።

ችግር ሲያጋጥም

ገጹ አልከፈት ሲል ከውስጥ ወደ ውጭ ደረጃ በደረጃ መፈተሽ ምክንያቱን ቶሎ ይለያል።

1. ፕሮግራሙ እየሠራ ነው? ካልሠራ ምክንያቱ በአፓቺ የስሕተት መዝገብ ውስጥ ይገኛል።
2. ፖርት 80ን የያዘው ማን ነው? እንደ ኤንጂንኤክስ ያለ ሌላ ሰርቨር ቀድሞ ከያዘው አፓቺ ሊነሣ አይችልም።
3. ገጹ ከእንግዳው ከራሱ፣ በአድራሻ 127.0.0.1፣ ይከፈታል? ከተከፈተ ሰርቨሩ ደህና ነው፤ ችግሩ ያለው በመንገዱ ላይ ነው።
4. ፋየርዎሉ ያሳልፋል? የኡቡንቱ ፋየርዎል ሲጀመር ዝግጁ ቢሆንም አይሠራም፤ የፌዶራው ግን ከመጀመሪያው ይሠራል።
5. ናት ወይም ብሪጅ በትክክል ተስተካክሏል?

እንዲህ ሳይለዩ አፓቺን ደጋግሞ አጥፍቶ መጫን ጊዜ ያባክናል፤ የኔትወርክ ችግርንም አይፈታም።

የአማርኛ ገጾች

የኡቡንቱ አፓቺ ለተጠቃሚው የሚያቀርባቸው ፋይሎች ቫር በሚባለው ማውጫ ሥር ይቀመጣሉ። የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ፋይል በዩቲኤፍ-8 መቀመጥ አለበት፤ ይህም በገጹ ራስጌ ላይ መገለጽ ይኖርበታል። በዚህ አሠራር እንደ «ሀ» ያለ አንድ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ብራውዘሩ ይህን ሳያውቅ እያንዳንዱን ባይት ለየብቻ ካነበበ በፊደሉ ቦታ የተዘበራረቁ ምልክቶች ይታያሉ። እንዲህ ያለው ስሕተት ከፎንት ወይም ከአፓቺ ብልሽት ጋር አይገናኝም።

ደህንነት

በናት ውስጥ ያለ የልምምድ ማሽን ከውጭ የተጠበቀ ነው። በክላውድ የሚከራይ ማሽን ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሁሉም ክፍት የሆነ የኢንተርኔት አድራሻ ስለሚኖረው፣ ፓኬጆቹን በየጊዜው ማደስና የማያስፈልጉ ፖርቶችን መዝጋት ያስፈልጋል። ማሽኑ በኤስኤስኤች ከርቀት የሚተዳደር ከሆነ ፋየርዎሉን ከማስነሣት በፊት ፖርት 22ን መፍቀድ ይገባል፤ አለበለዚያ አስተዳዳሪው ራሱ በሩ ተዘግቶበት ይቀራል።