ባለምድጃ ድንኳን፦ «ሆት ቴንት» ምንድን ነው፣ እንዴትስ ይመረጣል?

በሰሜን ሚኒሶታ፣ ኢሊ ከምትባለው ትንሽ ከተማ ባሻገር፣ ባውንደሪ ዋተርስ የተባለ ጥብቅ ደን እስከ ካናዳ ድንበር ይዘልቃል። ከ1,000 በላይ ሐይቆች አሉት። በሞቃቱ ወራት ሰው በታንኳ እየቀዘፈ የሚያቋርጣቸው እነዚህ ሐይቆች በበረዶው ወቅት ይረጉና በላያቸው በእግር ይኬዳል። ብርዱ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ከደኑ ብዙም በማይርቀው ታወር በተባለ ቦታ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1996 ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዝግቧል። በዚያው ግዛት፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ልጃቸው ከጓደኞቹ ጋር በበረዶ ካምፕ ልውጣ ብሎ የጠየቃቸው ወላጆች «ሆት ቴንት» የሚለውን ቃል ሳይሰሙ አይቀሩም።

ሆት ቴንት ማለት በውስጡ የእንጨት ምድጃ የሚነድበት፣ ጭሱም በቱቦ አማካይነት በጣሪያው ወይም በግድግዳው በኩል እንዲወጣ ተደርጎ የተሰፋ ድንኳን ነው። ቃሉን እንዳለ ብንመልሰው «ሙቅ ድንኳን» ይሆናል። እኔ ግን «ባለምድጃ ድንኳን» እንድንለው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱ የሰው ሕይወት የሚነካ ስለሆነ ነው። «ሙቅ ድንኳን» የሚል ሰው ሙቀቱ የድንኳኑ ጠባይ ይመስለዋል። ጨርቁ ወፍራም፣ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ይዞ የሚያድር አድርጎ ያስበዋል፤ በዚያም ተማምኖ ስስ የመኝታ ከረጢት ይገዛል። ድንኳን ግን ሸራም ሆነ ናይለን ሙቀት አያከማችም። እሳቱ ሲጠፋ ብዙም ሳይቆይ ውስጡ እንደ ውጩ ይሆናል። ሙቀቱ የምድጃው ነው፣ ምድጃው ደግሞ የሚያነደው ሰው ይፈልጋል። ስሙ ይህን ቢናገር ገዢው ከመጀመሪያው በትክክል ያስባል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በምሥራቅ ካናዳ የሚኖሩት የኢኑና የክሪ ሕዝብ አዳኞች ነጭ የሸራ ድንኳንና የቆርቆሮ ምድጃ በበረዶ ላይ እየጎተቱ፣ ወለሉን በዛፍ ዝንጣፊ እያነጠፉ የብርዱን ወራት ሲያሳልፉ ኖረዋል። የአሜሪካ ጦር መኮንን የነበረው ሄንሪ ሆፕኪንስ ሲብሊ እ.ኤ.አ. በ1856 የፈጠራ መብት ያስመዘገበለት ሾጣጣ ድንኳን ደግሞ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን «ቲፒ» የተባለ ድንኳን አይቶ የተሠራ ነው። በቲፒው መሐል ግልጥ እሳት ይነድ ነበር። በሲብሊ ስም የሚጠራው ምድጃ ግን ከቆርቆሮ የተሠራ፣ ወለል የሌለው ሾጣጣ ነገር ሆኖ ጭሱን በቱቦ ያስወጣል። ፊንላንዳውያን እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተዋጉበት የክረምት ጦርነት ወታደሮቻቸው ምድጃ ባለው ድንኳን ያድሩ ነበር። በዚያ ብርድ መሐል ልብስን አድርቆና ገላን አሙቆ ማደር መቻል ራሱ ትጥቅ ነበር።

ዛሬም ባለምድጃ ድንኳን የሚፈለገው ከእንቅልፍ ይልቅ ለንቃት ሰዓት ነው። በኢሊ አካባቢ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፤ ጨለማው ከ15 ሰዓት በላይ ይቆያል። ምድጃ የሌለው ሰው ያን ሁሉ ሰዓት ከረጢቱ ውስጥ ተጠቅልሎ ከመተኛት በቀር ምርጫ የለውም። ቀን ሲጎትትና ሲራመድ ያላበው ካልሲና የጫማ ገበር እንደረጠበ ያድራል፣ ሲነጋም በርዶ እንደ እንጨት ግትር ብሎ ይጠብቀዋል። በከረጢቱ ውስጥም በየሌሊቱ የሰውነት እርጥበት ይጠራቀማል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሌሊት ከረጢቱ ከብዶ ሙቀቱ ይቀንሳል። ምድጃ ይህን ሁሉ ያደርቃል። በረዶ አቅልጦ ውሃ ያፈላል፣ ወጥ ያሞቃል፣ ሰውም ተቀምጦ ይጫወትበታል። የምድጃ ትልቁ ስጦታ ማድረቁ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። የመጀመሪያው ጥያቄ ዕቃው በምን ይጓዛል የሚለው ነው። በመኪና እስከ ቦታው የሚደርስ ሰው ግድግዳው ቀጥ ያለ የሸራ ድንኳን ሊወስድ ይችላል። ሸራ እርጥበትን ያስተነፍሳል፣ የእሳት ፍንጣሪ ቢያርፍበትም ቶሎ አይበሳም፣ ለዓመታትም ያገለግላል። ክብደቱ ግን ከ20 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ እርጥብ ሆኖ ከታጠፈ ይሻግታል። ዕቃውን በበረዶ መንሸራተቻ ለሚጎትት ሰው ቀጭን የጥጥ ሸራ ወይም ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለበት ጨርቅ መካከለኛው መንገድ ነው። በጀርባው ለሚሸከም ሰው ደግሞ አንድ ምሰሶ ብቻ ያለው የናይለን ወይም የፖሊስተር ሾጣጣ ድንኳን አለ፤ ጥቂት ኪሎ ብቻ ይመዝናል። ይህ ጨርቅ ግን ፍንጣሪ ሲነካው ይቀልጣል፣ ትንፋሽም በውስጡ ጠል ሆኖ ይንጠባጠባል። አብዛኞቹ ባለምድጃ ድንኳኖች ወለል የላቸውም፣ ወይም ወለላቸው ምድጃው ጋ ሲደርስ ይገለጣል፤ ይህ ጉድለት ሳይሆን ታስቦበት የተደረገ ነው። ከግርጌው ዙሪያውን የሚዘረጋ ሰፊ የጨርቅ ጠርዝ መኖሩን ግን ማየት ይገባል። በረዶ የሚጫነው በዚያ ላይ ነው፤ ነፋስ ከሥር እንዳይገባ የሚያደርገውም እሱ ነው።

ሁለተኛው የቱቦው መውጫ ነው። እንግሊዝኛው «ስቶቭ ጃክ» ይለዋል፤ «ቱቦ ማሾለኪያ» ብንለው ሥራው ከስሙ ይታወቃል። ብዙውን ጊዜ ሲሊኮን ከተቀባ የመስታወት ክር ጨርቅ ይሠራል፤ የጋለ ቱቦ ጨርቁን ሳያቃጥል የሚያልፈው በዚህ ነው። ቀዳዳው ከቱቦው ስፋት ጋር መግጠም አለበት። ተራ ድንኳን ገዝቶ በመቀስ በስቶ ምድጃ ማስገባት ግን የሚሞከር ነገር አይደለም። የተራ ድንኳን ጨርቅ ከምድጃው ጎን የሚወጣው ሙቀት ታስቦ አልተሠራም፣ ስፋቱም አይበቃም። ምድጃው ከጨርቁም ከአልጋውም በቂ ርቀት ሊኖረው ይገባል፤ እንዲያውም ለ4 ሰው ተብሎ የሚሸጥ ድንኳን ምድጃ ሲገባበት ለ2 ሰው ቢበቃ ነው። መውጫ በሩ ደግሞ ከምድጃው ራቅ ያለ ይሁን፤ አንድ ነገር ቢቃጠል ሰው የሚሮጠው በእሳቱ ላይ ተሻግሮ መሆን የለበትም።

ምድጃው ራሱ ወይ ከብረት ወይ ከቲታንየም ይሠራል። የቲታንየሙ ተጣጥፎ በቦርሳ ይገባል፣ 2 ኪሎ ገደማ የሚመዝን አለ፣ ቶሎም ይግላል። ቶሎም ይቀዘቅዛል። ትንሽ ምድጃ አንዴ ከተሞላ ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ አይነድም፤ እንጨቱም በአውራ ጣት ውፍረት መፈለጥ አለበት። የብረቱ ይከብዳል፣ ፍሙን ግን ይዞ ይቆያል። እኔን ብትጠይቁኝ መጎተት ለሚችል ሰው ከክብደት ይልቅ የእሳት ክፍሉን ስፋት እንዲመለከት እመክራለሁ፤ ሌሊት በየ40 ደቂቃው መነሳት ሁለት ኪሎ ከመሸከም ይብሳል። ቱቦው ላይ ጭሱን የሚገታ ልጓም፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ፍንጣሪ ማገጃ ወንፊት ይኑር። ዚንክ የተቀባ ቱቦ ሲግል ጎጂ ጭስ ስለሚያወጣ አይመረጥም። አዲስ ምድጃ መጀመሪያ ከድንኳን ውጭ ይነድዳል፤ ቀለሙና ዘይቱ ተቃጥሎ የሚወጣው ያኔ ነው። በበረዶ ላይ ሲተከል ከእግሩ ሥር እርጥብ ግንድ ይነጠፍለታል፤ አለዚያ በረዶውን እያቀለጠ ይሰምጣል፣ ሲያዘነብልም ቱቦው ይላቀቃል።

ማገዶው ደረቅ መሆን አለበት። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን የራሱን ውሃ በማትነን ይጨርሰዋል፣ ቱቦውንም በጥላሸት ይደፍናል። በባውንደሪ ዋተርስ የቆመ ሕያው ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው፤ የሚለቀመው ሞቶ የወደቀው ነው። ስለዚህ ጨለማው ሳይመጣ ቀድሞ መልቀምና መፍለጥ የዕለቱ ዋና ሥራ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው የሚያሳስበኝ። በአገራችን በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ መተኛት ምን እንደሚያደርስ ያልሰማ የለም። ድንኳን ውስጥም ጠላቱ ያው ነው። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ሄሞግሎቢንን ከኦክስጂን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ስለሚይዘው አካል እየተነፈሰ ኦክስጂን ያጣል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን አንዱንም ሳያውቀው ሊሞት ይችላል። በደንብ የሚስብ ቱቦ ጋዙን ይዞት ይወጣል፣ ቱቦው ሲዘጋ ወይም ልጓሙ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ግን ወደ ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ ከላይና ከታች አየር የሚያሳልፍ ክፍተት ሁልጊዜ ክፍት ይሁን፣ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ይኑር። ይህ መሣሪያ ከምድጃው በፊት ይገዛ እላለሁ። ቱቦ የሌለው የጋዝ ማሞቂያ ይሻላል የሚሉ አሉ። እሱም ያንኑ አደጋ ይዞ፣ በላዩ ላይ እርጥበት ይጨምራል፤ 1 ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠል ከ1.6 ኪሎ በላይ ውሃ በተን መልክ ይወጣል፣ ያ ሁሉ እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ይቀራል።

የፊንላንድ ሠራዊት ለዚህ ሥርዓት አለው። ሁሉም ሲተኛ አንድ ወታደር ተራውን ይዞ ከምድጃው አጠገብ ነቅቶ ይቀመጣል፤ እንጨት ይጨምራል፣ ፍንጣሪ ይጠብቃል፣ የጓዶቹን እንቅልፍ ያያል። «ኪፒናሚኮ» ይሉታል፤ ኪፒና ፍንጣሪ ማለት ነው፣ ሚኮ ደግሞ የወንድ ስም። ተራ የሚጠብቅ ሰው የሌለው ቡድን ከመተኛቱ በፊት እሳቱን አጥፍቶ መተኛት አለበት። ይህ ከሆነ ደግሞ የመኝታ ከረጢቱና ከሥር የሚነጠፈው ፍራሽ ምድጃ እንደሌለ ታስቦ ይገዛሉ፤ ለአካባቢው የመጨረሻ ብርድ የሚበቁ ሆነው። ገንዘብ የማይበቃ ከሆነ የሚቀነሰው ከምድጃው ይሁን፤ ከከረጢቱ መቀነስ የለበትም።

ይህን አንብቦ ወደ ስሜን ተራሮች ይዤው ልሂድ የሚል አይጠፋም። ከ3,500 ሜትር በላይ ባሉት ማደሪያዎች ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ሐሳቡ ያለ ምክንያት አይመጣም። እዚያ ግን አልመክረውም። እዚያ የሚገኘው አስታ በብርዳማ ከፍታ ላይ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ የስሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ላይ የቆየ ቅርስ ነው፤ የአካባቢው ገበሬም ማገዶ ያጥረዋል። የስሜን ብርድ ከሚኒሶታው ጋር የሚወዳደር አይደለም፣ ሲነጋም ፀሐይዋ ትመጣለች፣ ካልሲ ድንጋይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ከደባርቅ ወደ ተራሮቹ የሚነሳ መንገደኛ ለምድጃው ሊያወጣ ያሰበውን ገንዘብ ወፍራም ከረጢትና ጥሩ ፍራሽ ላይ ቢያውለው ይበቃዋል።