የጆንቤኔ ራምዚ ግድያ መላምቶች

ጆንቤኔ ራምዚ እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ፣ ኮሎራዶ ክፍለ ግዛት፣ ቦልደር ከተማ በወላጆቿ ቤት ውስጥ ተገድላ የተገኘች የ6 ዓመት ሕፃን ናት። ገዳይዋ እስካሁን አልታወቀም፤ በግድያው ለፍርድ የቀረበ ሰውም የለም። በዚህም ምክንያት ጉዳዩ ከፖሊስ አልፎ የብዙ አማተር መርማሪዎች መከራከሪያ ሆኗል። ተከራካሪዎቹ በዋናነት በሁለት ይከፈላሉ፦ ገዳዩ ከውጭ የገባ ሰው ነው የሚሉና ገዳዩ ከቤተሰቡ አንዱ ነው የሚሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚጠቅሱት ማስረጃ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ሲሆን የሚለያዩት በአተረጓጎሙ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው፣ ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

የግድያው ዕለት

ዲሴምበር 26 ቀን 1996፣ በፈረንጆች ገና ማግስት፣ ከንጋቱ 11፡52 ላይ እናቷ ፓትሲ ራምዚ ልጃቸው እንደተወሰደች ለፖሊስ ስልክ ደወሉ። ቤት ውስጥ ሁለት ገጽ ተኩል የሆነ የቤዛ ደብዳቤ ተገኝቶ ነበር። ደብዳቤው 118,000 ዶላር ይጠይቃል፤ ይህም አባትየው ጆን ራምዚ ከሥራቸው ካገኙት ጉርሻ ጋር ተቀራራቢ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ አባትየው የልጃቸውን አስከሬን በምድር ቤቱ ክፍል ውስጥ አገኙ። የአስከሬን ምርመራው ልጅቷ በገመድ መታነቋንና የራስ ቅሏ መሰንጠቁን አሳይቷል። ገመዱ የተጠበቀው በተሰበረ የሥዕል ብሩሽ እጀታ ሲሆን፣ ብሩሹም ከእናቷ የሥዕል ዕቃዎች የተወሰደ ነበር።

የቦታው መበላሸት

ፖሊስ መጀመሪያ ነገሩን እንደ ጠለፋ ስለቆጠረው ቤቱን በሙሉ አልዘጋም። ጓደኞችና ቄስ መጥተው ለሰዓታት በቤቱ ውስጥ ተንቀሳቀሱ፤ ወጥ ቤቱም ተጸዳ። አባትየው አስከሬኑን ባገኙ ጊዜ ተሸክመው ወደ ላይኛው ፎቅ አወጡት። በዚህ የተነሳ አንድ አሻራ ወይም አንድ ክር የገዳዩ ይሁን የእንግዶቹ በእርግጠኝነት መለየት አልተቻለም። ክርክሩ ላለመቋጨቱ ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

አንድ ማስረጃ፣ ሁለት ትርጉም

የቤዛው ደብዳቤ፦ ወረቀቱ ከቤቱ ማስታወሻ ደብተር የተቀደደ ነው። ቤተሰቡን የሚጠረጥሩት፣ ጠላፊ ደብዳቤውን ጽፎ ይመጣል እንጂ በሰው ቤት ተቀምጦ ይህን ያህል አይጽፍም ይላሉ። ተቃዋሚዎቻቸው ግን ቤተሰቡ ለእራት ወጥቶ ስለነበር ገዳዩ ቀድሞ ገብቶ በቂ ጊዜ አግኝቷል ሲሉ ይመልሳሉ። የእጅ ጽሑፍ መርማሪዎች አባትየውን ከጸሐፊነት ነፃ አድርገዋል፤ እናትየውን በተመለከተ ግን ጽፈውታል ወይም አልጻፉትም ብለው መደምደም አልቻሉም።

የምድር ቤቱ መስኮት፦ አንድ መስኮት ተሰብሮ፣ ከሥሩም ሻንጣ ቆሞ ተገኝቷል። ይህ ለውጭ ሰው መላምት መግቢያና መውጫ ነው። ሌሎቹ ግን አባትየው መስኮቱን ከወራት በፊት ቁልፍ ረስተው እንደሰበሩት ራሳቸው መናገራቸውን ያስታውሳሉ።

አናናሱ፦ በልጅቷ አንጀት ውስጥ አናናስ ተገኝቷል፤ ጠረጴዛ ላይም የአናናስ ሳህን ነበር። ወላጆቿ ግን ወደ ቤት የገባችው ተኝታ እንደሆነና እንዳላበሏት ተናግረዋል። ይህ ነጥብ የቤተሰብ መላምት ደጋፊዎች አዘውትረው የሚያነሡት ነው።

በሰውነቷ ላይ የታዩ ምልክቶች፦ የቀድሞው መርማሪ ሉ ስሚት ምልክቶቹ የኤሌክትሪክ ማደንዘዣ መሣሪያ ያሳረፋቸው ናቸው በማለት የውጭ ሰው መላምትን አጥብቀው ደግፈዋል። ሌሎች ባለሙያዎች ይህን አልተቀበሉም።

የዲ.ኤን.ኤ. ማስረጃ

በልጅቷ የውስጥ ልብስ ላይ የማይታወቅ ወንድ ዲ.ኤን.ኤ. ተገኝቶ በ2003 በአገር አቀፉ የፌዴራል መዝገብ ቢገባም ተመሳሳይ አልተገኘም። በ2008 ከሱሪዋ ላይም ተዛማጅ ዲ.ኤን.ኤ. በመገኘቱ የወቅቱ ዐቃቤ ሕግ ሜሪ ሌሲ ቤተሰቡን ነፃ የሚያደርግና ይቅርታ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፉ። ተቺዎች ናሙናው እጅግ ጥቂት መሆኑን፣ ከአንድ በላይ ሰዎች ቅይጥ ሊሆን እንደሚችልና በልብስ ፋብሪካም ሊነካ እንደሚችል ይገልጻሉ።

ግራንድ ጁሪው

ክስ ይመሥረት ወይስ አይመሥረት ብሎ የሚወስነው የዜጎች ሸንጎ፣ ማለትም ግራንድ ጁሪ፣ ጉዳዩን መርምሮ በ1999 ሥራውን ጨረሰ። ዐቃቤ ሕግ አሌክስ ሀንተር በቂ ማስረጃ የለም ብለው ክስ አልመሠረቱም። ሸንጎው ወላጆቹ እንዲከሰሱ ድምፅ ሰጥቶ እንደነበር በይፋ የታወቀው ሰነዶቹ በ2013 ሲለቀቁ ነው። ይሁን እንጂ የተጠቀሰው ክስ ልጅቷን ለአደጋ ማጋለጥና ወንጀለኛን መርዳት እንጂ መግደል አልነበረም። በአንጻሩ በ2003 የስም ማጥፋት ክስ ያየች የፌዴራል ዳኛ የማስረጃው ክብደት ወደ ውጭ ሰው መላምት ያደላል ብላ ጽፋለች። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች የሚጠቅሱት የሕግ አካል አላቸው።

ክርክሩ ያስከተለው ጉዳት

መላምቶቹ በሕይወት ባሉ ሰዎች ላይ ጥርጣሬ ጥለዋል። በ2006 አንድ ሰው በታይላንድ ሆኖ ግድያውን እኔ ፈጽሜያለሁ ቢልም ዲ.ኤን.ኤ.ው ስላልተመሳሰለ ተለቀቀ። የልጅቷ ወንድም በወቅቱ የ9 ዓመት ልጅ ነበር፤ በ1999 ባለሥልጣናት ተጠርጣሪ አይደለም ቢሉም በ2016 የሲ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን ተከታታይ ዝግጅት እሱን የሚያመለክት መላምት አቀረበ። ወንድሟ ክስ መሥርቶ ጉዳዩ በ2019 በስምምነት አለቀ። ፓትሲ ራምዚ በ2006 በካንሰር በ49 ዓመታቸው ሲሞቱ፣ ቤተሰቡን ነፃ ያደረገው ደብዳቤ ገና አልተጻፈም ነበር።

የአሁኑ ሁኔታ

መዝገቡ አልተዘጋም። አባትየው የዘር ሐረግ ፍለጋ ዘዴ እንዲሞከር በተደጋጋሚ ጠይቀዋል። የፌዴራሉ መዝገብ ጥቂት የዲ.ኤን.ኤ. ነጥቦችን ብቻ አነጻጽሮ ራሱን ሰውየውን ወይም በጣም የቅርብ ዘመዱን ይፈልጋል። የዘር ሐረግ ፍለጋ ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦችን ተጠቅሞ የሩቅ ዘመዶችን ያገኛል፤ ከእነሱም በመነሣት ወደ ተፈላጊው ሰው ይደረሳል። በ2018 በካሊፎርኒያ ለረጅም ጊዜ ያልተያዘ ነፍሰ ገዳይ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። በጆንቤኔ ጉዳይ የሚሠራ መሆኑ የሚወሰነው የቀረው ናሙና በቂና ያልተቀየጠ በመሆኑ ላይ ነው።