ዘግይቶ የተገኘ መረጃን ከቀደመ መዝገብ ጋር ስለ ማያያዝ

በደቡብ ወሎ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በአቡነ ኢየሱስ ሞአ ስም የሚታወቅና በ1273 ዓ.ም. የተጻፈ አርባዕቱ ወንጌል ባለቤት ነው። በዚህ ብራና ላይ ከወንጌሉ ቃል በተጨማሪ የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር የመሳሰሉ ማስታወሻዎች ሰፍረዋል። የኋላ ጸሐፊ አዲስ ነገር ሲኖረው የቀደመውን አይፍቅም፤ በኅዳግ ወይም በባዶ ገጽ ያሰፍራል። ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ደብረ ሐይቅ አበምኔቶች ያሳተሙት ጥናትም የዚህን ዓይነት የገዳም ማስታወሻ ዋጋ የሚያሳይ ነው።

የሶፍትዌር ለውጦችን የሚመዘግበው ጊትም ተመሳሳይ ችግር አለበት። ለምሳሌ ቀንን ከኢትዮጵያ ወደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር የሚቀይር ፕሮግራም ጳጉሜን 6ን በስህተት ያሰላ እንደነበር ከዓመታት በኋላ ቢታወቅ፣ ስህተቱን ያስገባው ለውጥ የትኛው እንደሆነ መጻፍ ያስፈልጋል፤ የተሳሳተ የምስክር ወረቀት የደረሳቸው ተገልጋዮች የሚለዩት በዚህ ነውና። ይሁን እንጂ የአንድ ለውጥ (ኮሚት) መለያ ቁጥር የሚሰላው ከራሱ ይዘት ስለሆነ፣ መግለጫው ቢታረም መለያውም ይለወጣል፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ አብረው ይለወጣሉ። ስለዚህ ጊት «ኖትስ» በሚባለው ክፍል ማስታወሻውን ለብቻው አስቀምጦ በመለያው አማካይነት ያያይዘዋል። ኮሚቱ አይነካም።

ልዩነቱ ከዚህ ይጀምራል። የብራናው ማስታወሻ ብራናው በሄደበት ይሄዳል፤ የጊቱ ግን ተለይቶ ካልተላከና ካልተጠየቀ ከፕሮግራሙ ቅጂ ጋር አይደርስም። ኮሚቱ በሌላ ሲተካም በነባሪው ቅንብር ማስታወሻው ወደ ተተኪው አይሸጋገርም። ሥራውን የሚረከብ ተቋም ማስታወሻዎቹን በስም ጠይቆ መረከብ ይኖርበታል፤ ይህ ሲረሳ ጉድለቱን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ብቻ ነው። ብራናም ቢሆን ሲገለበጥ ከዚህ አያመልጥም፦ ገልባጩ የሚጽፈው ወንጌሉን እንጂ የቀደመውን ባለቤት ማስታወሻ ላይሆን ይችላል።

በመሆኑም የብራና መጽሐፍ ዲጂታል ቅጂ የሚጠይቅ ተገልጋይ፣ የኅዳግና የባዶ ቅጠሎች ምስል እንዲካተት በጥያቄው ላይ በግልጽ ማስፈር ይገባዋል። በሐይቅም ሆነ በአምባሰል ጥንታዊ ብራና በእጁ ያለው ሰው ስለ መጽሐፉ አዲስ መረጃ ቢያገኝ በብራናው ላይ አይጽፍም፤ መረጃውን የተገኘበትን ቀንና ምንጭ ጠቅሶ በተለየ ወረቀት ከመጽሐፉ የምዝገባ ቅጽ ጋር ያያይዛል። በቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን የመጠገን ሥራ አስቀድሞ የባለሥልጣኑን ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ የደበዘዘ ማስታወሻን በአዲስ ቀለም ማድመቅም ያለ ፈቃድ ሊደረግ አይገባም።