ቱባ እና አፉ

አዳማ ገበያ ገብቶ «ቱባ» ያለ ሰው የሚቀርብለት ጥቅል ክር ነው። «ቱባ ባህል» ደግሞ ያልተበረዘውን ይጠራል። ሦስተኛው ቱባ ከሁለቱም አይዛመድም፤ በላቲን መለከት ማለት ነው። መሣሪያውም በ1835 እ.ኤ.አ. በፕሩሲያ የፈጠራ መብት ያገኘ፣ ከናስ ትንፋሽ መሣሪያዎች ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ነው።

የናስ ባንድ በኢትዮጵያ ሲነሣ አርባዎቹ የአርመን ልጆች ይታወሳሉ። በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም አዲስ አበባ ገቡ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ።

ነፋሹ ከንፈሩን የሚያሳርፍበት ክፍል ማውዝፒስ ይባላል። የመለከት ማውዝፒስ ዋንጫ (ጎድጓዳው ክፍል) ስፋት 16 ወይም 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የቱባው ከ30 በላይ ነው፤ ወፍራም ድምፅ ለማውጣት ሰፋ ያለ የከንፈር ክፍል መንዘር አለበትና። ጥልቅ ዋንጫ ድምፁን ያጠቁረዋል፣ ያከብደዋልም። ጥልቀቱ ያነሰ ያደምቀዋል፤ ወደ ላይኛው ድምፅ መውጣትንም ያቀላል። ጠርዙ ሰፊ ከሆነ ከንፈር ቶሎ አይደክምም፤ ቅልጥፍናው ግን ይቀንሳል። ለጀማሪ መካከለኛው ይበጃል፤ ትልቁን መግዛት ብዙ ጊዜ ጉራ ነው።

ከሁሉ የሚረሳው ወደ መሣሪያው ቱቦ የሚገባው የማውዝፒሱ አንገት ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ አንገቶች ውፍረታቸው ይለያያል፤ ቀጭኑ ወፍራም ቱቦ ውስጥ ሲገባ ይወዛወዛል፣ ቅኝቱም ይበላሻል።