የፍልፈሉ ዕጣ

የፍራንክፈርቱ ሊቅ ኤድዋርድ ሩፔል፣ በ19ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ ስሜን ተራሮች ድረስ ዘልቆ የአገራችንን አራዊት ለአውሮጳ ሊቃውንት ባስተዋወቀ ጊዜ፣ ዋልያን በ1835፣ ቀይ ቀበሮን በ1840፣ ትልቁን ፍልፈል ደግሞ በ1842 (እ.ኤ.አ.) በየስማቸው በመዝገብ ቢያሰፍራቸውም፣ ከአንድ ብዕር ስመ ጥምቀት የተቀበሉት እነዚህ ሦስት ፍጥረታት ዕጣቸው እጅግ የተለያየ ሆነ።

ዋልያ ቀንዱ ወደ ኋላ የተቀለሰ፣ ግርማ ሞገስ የተላበሰ ነውና፣ በ1969 (እ.ኤ.አ.) የስሜን ብሔራዊ ፓርክ ሲቋቋም ዋነኛው ምክንያት እርሱ ነበር፤ ኋላም የእግር ኳስ ቡድናችን መጠሪያ ለመሆን በቃ። ቀይ ቀበሮም ቁጥሩ ከጥቂት መቶዎች ባያልፍም፣ ቀጭን እግሩና እንደ እሳት የቀላ ጠጉሩ የባዕዳንን ልብ ስለ ማረከ፣ ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የራሱ የጥበቃ ፕሮግራም ቆሞለት፣ አጥኚም ገንዘብም አገኘ፤ በሰበቡም የባሌ እረኞች ውሾች ሳይቀሩ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተወጉ።

ፍልፈሉስ? ዓይኑ ወደ አናቱ የተጠጋ፣ ጥርሱ የፈጠጠ፣ መልከ ጥፉ ይህ ፍጡር (ለእኔ እንኳ አምሮ ታይቶኝ አያውቅም)፣ በባሌው የሳነቴ አምባ ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ሣሩን ነጭቶ፣ እንደ ወጣ ወደ ኋላው ይሰወራል። የቀበሮው ዋነኛ ሲሳይ እርሱ በመሆኑ፣ በሊቃውንቱ ጽሑፍ ስሙ የሚወሳው ከሁሉ ይልቅ በቀበሮው ቀለብነት ነው። ቀበሮው ጆሮውን አቁሞ በጉድጓዱ አፍ ሲያደባ እንግዳው ካሜራውን ያነሣል፤ የሚያነሣው ግን ቀበሮውን ነው።