የቮልስ አመሎችና ምክንያታቸው

የሕግ ቃል ግራ ሲያጋባ ዓላማው ይጠየቃል። ይህ መርህ ለአሮጌ መኪናም ይሠራል፤ በተለይ "ቮልስ" እያልን ለምንጠራት ቮልስዋገን። እኔ በምኖርበት ንፋስ ስልክ ላፍቶ ዛሬም ሽቅብ ስታጓራ ትሰማለች።

ፈርዲናንድ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነደፋት፤ በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ምርቷ እስኪቆም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በእሷ ነው። በሯ ሁለት ብቻ ነውና ከኋላ የሚቀመጥ ሁሉ፣ ንጉሠ ነገሥትም ቢሆን፣ የፊቱን ወንበር አሳጥፎ ይገባል።

የቀድሞዎቹ ቮልሶች የነዳጅ መለኪያ አልነበራቸውም። ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር ሾፌሩ እግሩ አጠገብ ያለችውን ማዞሪያ ገልብጦ 5 ሊትር ያህል መጠባበቂያ ይለቃል። ሲቀዳ መመለሷን ከረሳ ግን በሚቀጥለው ጊዜ መጠባበቂያ የለውም። በኋላ በመጡት ደግሞ የፊት መስታወት ማጠቢያውን ውሃ የሚገፋው የእስኮርታ ጎማው አየር ነው፤ ጎማው ተንፍሶ እንዳያልቅ ግፊቱ ሲቀንስ ቫልቭ ይዘጋዋል። ባትሪው የኋላ ወንበር ሥር ነው። አካሏ አየር ስለማያሳልፍ በሯ የሚዘጋው መስኮት ትንሽ ከፈት ሲደረግ ነው።

እነዚህ ፈገግ ያሰኛሉ፤ የሚቀጥለው ግን ሞተር ይበላል። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ራዲያተር የለውም፣ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ደጅ የምታድር መኪና በአውሮፓ ብርድ ውሃዋ በረዶ እንዳይሆን ታስቦ ነው። ዲናሞውንና የማቀዝቀዣውን ቬንትሌተር የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። በሌላ መኪና የዲናሞው መብራት ሲበራ "ባትሪ አልሞላም" ብለን ቤታችን እንደርሳለን። በቮልስ ግን መብራቱ ቺንጋው መበጠሱን፣ ማቀዝቀዣውም መቆሙን ሊናገር ይችላል፤ ወዲያው ቆሞ ማየት ግድ ነው።

ሁለተኛው ስህተት "ሞተሩ ይተንፍስ" ብሎ ዙሪያውን ያሉትን ላሜራዎችና ጎማዎች ማውለቅ ነው። ሥራቸው ሞተሩ ያሞቀውን አየር መልሶ እንዳይስብ መከልከል ነው። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል፤ ላሜራው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። የነዳጅን ወጪ ለሚያስብ አገር የፖሊሲው ምክንያት ይገባኛል። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፤ ያሉን ቮልሶች ያሉን ብቻ ናቸው፣ ሞተሯ የተቃጠለባት ቮልስም በቀላሉ አትተካም። ስለዚህ ምክሬ የሕግ ሰው ምክር ነው፤ አንድን ነገር ከማውለቃችሁ በፊት ለምን እንደተገጠመ ጠይቁ።