ከገበጣ እስከ ኮምፒዩተር፦ የሕፃናት አእምሮ ማሠልጠኛ ጨዋታ በታሪክ ዓይን

ጨዋታ የሕፃን ሥራው ነው። በአገራችን ገጠር እረኞች ከብት ሲጠብቁ መሬቱን ምሰው በጠጠር ገበጣ ይጫወታሉ፤ ሲመሽም ልጆች በምድጃ ዙሪያ ተሰብስበው «እንቆቅልሽ»፣ «ምን አውቅልህ» ይባባላሉ፤ መልሱ የጠፋበትም አገር ይሰጣል። በዚህ ልማድ ያደግን ሰዎች «ጨዋታ አእምሮን ይስላል» የሚለውን እምነት ማንም ሳያስተምረን ተቀብለነዋል። ዛሬ ይኸው እምነት አዲስ ልብስ ለብሶ መጥቷል። በየከተማው የሦስትና የአራት ዓመት ሕፃናት በስልክና በታብሌት መስታወት ላይ ጣታቸውን ሲያንሸራትቱ ይውላሉ፤ ወላጅም «የአእምሮ ማሠልጠኛ» የሚለውን ጽሑፍ አይቶ ልቡን ያሳርፋል። ይህ ዕረፍት መሠረት አለው ወይ? ይህንን ለመመለስ የእምነቱን ታሪክ ወደ ኋላ መለስ ብሎ መመርመር ይገባል።

አእምሮ እንደ ቢላዋ ነው፤ በየትኛውም ሞረድ ቢሳል ሁሉን ይቆርጣል የሚለው አስተሳሰብ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ላቲንና ጂኦሜትሪ ይሰጡ ከነበሩባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ትምህርቶቹ የማሰብን ኃይል በጠቅላላው ያጠነክራሉ የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 ኤድዋርድ ቶርንዳይክና ሮበርት ውድዎርዝ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንን እምነት በሙከራ ፈተኑት። ሰዎች የአራት ማዕዘን ቅርጾችን ስፋት በዓይን እንዲገምቱ አለማመዷቸው፤ ግምታቸውም ተሻሻለ። ነገር ግን ቅርጹና መጠኑ በተለወጠ ጊዜ መሻሻሉ አብዛኛውን አብሯቸው አልተሻገረም። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ በአንድ ሥራ የተገኘ ችሎታ ወደ ሌላው የሚሻገረው ሁለቱ ሥራዎች በሚጋሩት ነገር መጠን ነው።

ኮምፒዩተር ወደ ሕፃናት በደረሰ ጊዜ ይኸው ክርክር እንደገና ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ፣ ሲሞር ፓፐርትና ባልደረቦቹ ሎጎ የተባለ ለልጆች የሚሆን የኮምፒዩተር ቋንቋ ፈጠሩ። ፓፐርት በደቡብ አፍሪካ ተወልዶ ጄኔቭ ውስጥ ከዣን ፒያዤ ጋር የሠራ የሒሳብ ሊቅ ነበር። ልጁ «ኤሊ» ለምትባል ምልክት «ወደ ፊት ሂጂ»፣ «ወደ ቀኝ ዙሪ» እያለ ትእዛዝ ሲሰጥ ኤሊዋ በሄደችበት ቅርጽ ትሥላለች። ዓላማው የተከበረ ነበር፤ ይኸውም ማሽኑ ልጁን ሳይሆን ልጁ ማሽኑን እንዲያዝ ነው። ይሁን እንጂ ሎጎ የልጆችን አስተሳሰብ በጠቅላላው ያሳድጋል የተባለው ተስፋ ፈተና ገጠመው። ሮይ ፒና ሚድያን ከርላንድ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባደረጉት ጥናት፣ አንድ ዓመት ያህል ሎጎን የተማሩ ልጆች ሥራን አስቀድሞ በማቀድ ረገድ ካልተማሩት በልጠው አልተገኙም።

ንግዱ ግን የጥናትን ውጤት ቆሞ አልጠበቀም። እ.ኤ.አ. በ2005 የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ የነርቭ ሣይንስ ተመራማሪውን የሪዩታ ካዋሺማን ስም የያዘ የአእምሮ ማሠልጠኛ ጨዋታ ለገበያ አቀረበ፤ ጨዋታውም በሚሊዮን በሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ2010 አድሪያን ኦወንና ጓደኞቹ ስድስት ሳምንት በኮምፒዩተር የሠለጠኑ 11,430 ጎልማሶችን ውጤት አሳተሙ። ሠልጣኞቹ በተለማመዷቸው ጨዋታዎች ሁሉ ተሻሽለው ነበር፤ ባልተለማመዷቸው ፈተናዎች ግን፣ በጣም የሚቀራረቡ እንኳ ቢሆኑ፣ ጥቅሙ አልታየም። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ሉሞሲቲ የተባለውን ጨዋታ የሚሸጠው ኩባንያ፣ ጨዋታው በትምህርት ቤትና በሥራ ላይ ውጤትን ያሻሽላል ብሎ በበቂ ማስረጃ ያልተደገፈ ማስታወቂያ ነግሯል ተብሎ በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በመከሰሱ 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ታዲያ የሕፃናት የትምህርት ጨዋታ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ነውን? አይደለም። ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ሥራ ሌላውን የነገሩን ገጽታ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ ከአነስተኛ ገቢ ቤተሰቦች ከመጡ፣ ትምህርት ቤት ገና ካልገቡ ልጆች ጋር ከ1 እስከ 10 ቁጥር በተራ በተጻፈበት ሰሌዳ ተጫወቱ። ልጁ ምልክቱን ባንቀሳቀሰ ቁጥር የረገጠውን ቁጥር ስም ይጠራል። በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ በአራት አጫጭር ጊዜያት፣ ልጆቹ ቁጥርን በመለየት፣ በመቁጠርና ትልቁን ከትንሹ በማመዛዘን ተሻሻሉ፤ ከዘጠኝ ሳምንት በኋላም አልረሱትም። በቁጥር ምትክ ቀለም ብቻ ባለበት ሰሌዳ የተጫወቱት ግን ይህንን አላገኙም። ልብ እንበል! ኮምፒዩተር አልነበረም፤ የነበረው ሰሌዳ፣ ቁጥርና ከልጁ ጋር የተቀመጠ አንድ ሰው ነው። ጨዋታ በውስጡ ያለውን ያስተምራል፤ የሌለውን አያስተምርም።

ይህ እውነት በአገራችንም ታይቷል። በኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተመሠረተው «ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት፣ በወንጪ ተራራ አፋፍና በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በሚገኙ ሁለት መንደሮች ትምህርት ቤት ላላዩ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን አከፋፈለ። አስተማሪም መመሪያም አልተሰጠም። ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በ2012 እንደ ተናገረው፣ ልጆቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ የፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር፤ በአምስት ወር ውስጥም የተቆለፈውን የመሣሪያውን ክፍል ከፍተው ካሜራውን ሥራ ላይ አዋሉት። የገበሬ ልጅ አእምሮ ከማንም እንደማያንስ ለሚጠራጠር ሁሉ ይህ በቂ መልስ ነው። ነገር ግን የዘመሩት ፊደል የእንግሊዝኛ ነበር። ልጆቹ በሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠውን አወጡ፤ የእናታቸው ቋንቋ ግን በሣጥኑ ውስጥ አልነበረም።

እዚህ ላይ ለራሳችንም ሐቀኞች መሆን ይገባናል። ገበጣ መቁጠርንና አስቀድሞ ማየትን ያለማምዳል፤ እንቆቅልሽ ቃልንና ምሳሌን ያስተምራል፤ ቅኔም ሰምና ወርቅን መለየት ያስለምዳል። ከዚህ አልፈን «ገበጣ የተጫወተ ልጅ በሁሉም ነገር ብልህ ይሆናል» ብንል፣ ያንኑ የማስታወቂያ ቃል በባህል ስም ደገምነው ማለት ነው። ባህላዊው ጨዋታ ከመስታወቱ የሚበልጥበት ነገር ግን አለ፤ ብቻውን የሚጫወተው ልጅ የለም። አያት ይጠይቃሉ፣ ልጅ ይመልሳል፣ ሲሳሳት ይሳቅበታል፣ ሲያውቅ ይወደሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉ ሕፃናት በመስታወት ፊት ተቀምጠው የሚያሳልፉት ጊዜ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም የተሻለ እንደሆነ መክሯል። እንግዲህ ለሕፃኑ ሊሰጠው የሚገባው ነገር «አእምሮን ያሳድጋል» የተባለው ሁሉ አይደለም። መምህሩ ጨዋታውን ከመፍቀዱ በፊት «ምን ይዟል? በየትኛው ቋንቋ? ከልጁ ጋር የሚቀመጠውስ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ደራሲው፣ ሠዓሊውና ሙዚቀኛውም ፊደሉን፣ ቁጥሩን፣ ተረቱን በየቋንቋችን ወደ አዲሱ መሣሪያ ያግቡ። ይህንን ካልሠራን ሣጥኑን ሌሎች ይሞሉታል፤ ልጆቻችንም በውስጡ ያገኙትን ይዘው ያድጋሉ።